ማታ ማታ የምሰርዛቸው ፎልደሮች

ሐምሌ 2

ይሄ ደብተር የኬሚስትሪ ነበር። ኬሚስትሪው አራተኛው ገጽ ላይ አለቀ፣ አስረኛ ክፍልም ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆየም። የተረፈው ወረቀት እንዲሁ ከሚቀመጥ ልቀባጥርበት ብዬ ነው። ሰው አጥቼ እንዳይመስል።

ዛሬ እትዬ ጥሩነሽ ለቀቁ። ከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ዕቃቸውን በአይሱዙ አስጫኑ። ልጅ ሆኜ ጫማቸውን በሲባጎ አስሬ ጣሪያ ላይ ያንጠለጠልኩባቸው ሴትዮ ናቸው። ጉንጬን ስመው፣ «እንግዲህ በማን ልትቀልድ ነው፣ አንተ መዘዘኛ?» አሉኝ። «በእርስዎ፣ በስልክ» አልኳቸው። ሲስቁ እንባቸው መጣ። ሁልጊዜም ሲስቁ እንባቸው ይመጣል፣ ስለዚህ ምንም ማለት አይደለም።

አሁን ግቢው ውስጥ የቀረነው እኔና አባዬ ነን። ሰፈራችን እሪ በከንቱ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ሲዘንብ የባዶ ቤቶቹ ቆርቆሮ ሁሉ እርስ በርሱ ያወራል፣ እኛ ሁለታችን አናወራም። አባዬ ሰዓት ሠሪ ነው። ፒያሳ የነበረችው ሱቁ ከፈረሰች ወዲህ ቤት ይውላል፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። «አባዬ፣ ግድግዳው ስንት ሰዓት ይላል?» አልኩት። አልሳቀም። ድሮ እማዬ በነበረችበት ጊዜ ለሁለታችንም የምትስቅልን እሷ ነበረች።

ሐምሌ 5

ጉድ ነው። ከሥራ ገባሁ (ጊዮርጊስ አጠገብ የስልክ ከቨር ነው የምሸጠው)፣ ፊልም ልይ ብዬ ላፕቶፔን ስከፍት ፊቱ ላይ ሦስት ፎልደር ተገትሯል። እኔ አልሠራኋቸውም። ፊደሉ የፈረንጅ፣ ቃሉ የእኛ፦ AYN፣ DEKEME፣ YENE። ዓይን፣ ደከመ፣ የኔ። አንዱን ከፈትኩ፤ ባዶ። ሁለተኛውም ባዶ። ሦስተኛው እንደ ግቢያችን።

ኪሮስ ነው። ጀለሴ ነው፤ አምስት ኪሎ ተከራይተው እስኪገቡ ድረስ ቤታችንና ቤታቸው ግድግዳ ይጋሩ ነበር። ስክሪን ላይ አፍጥጬ ስለማመሽ ዓይንህ ደከመ ብሎ ሙድ መያዙ ነው። ቀሽም ፉገራ። «የኔ» የምትለዋ ምን እንደምትሠራ ግን አልገባኝም።

«አባዬ፣ ኪሮስ መጥቶ ነበር?»

«አልመጣም።»

አባዬ ምኑን ያውቃል። በፊቱ ዝሆን ቢያልፍ አያይም። ሦስቱንም ሰረዝኳቸው።

ሐምሌ 9

ዝናብ። ገበያ የለም። ካልሲዬ ረጥቦ ዋለ።

አባዬ ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጪ አፈሰሰው። «ጠረጴዛውም ጠምቶታል?» አልኩት። ጨርቁን ሲፈልግ እጁ ጠረጴዛው ላይ እየዳበሰ ሲሄድ ፒያኖ የሚጫወት ነበር የሚመስለው። ሥራ ቦታ ላሉት ልጆች አስመስዬ ሳሳያቸው በሳቅ ሞቱ። እኔም ሳቅሁ፣ ትንሽ።

ሐምሌ 13

የአባዬ ስልክ ድምፁ ለሰፈር ይበቃል። በር ላይ ሆኜ ሰማሁት። የደወለችው እህቱ ናት፣ አክስቴ አይናዲስ፣ ደብረ ብርሃን ያለችው።

«እምሩዬ፣ እዚያ ባዶ ግቢ ውስጥ ምን ትሠራለህ? ፍልሰታ ሲፈታ ና እኔ ጋ። ጠቅልለህ ና።»

«ልጁን ልጠይቀው።»

«ምኞትን? እሱ ደግሞ ምን ብሎ ይመልስልሃል? ሲያሾፍብህ ነው የሚውለው።»

«እጠይቀዋለሁ» አላት።

ስገባ ስልኩን ዘጋው። እራት በላን። ምንም አልጠየቀኝም።

ይሂዳ። የመስኮቱ አልጋ የኔ ይሆናል። ፊልም ያለ ማዳመጫ አያለሁ፣ እግሬን ሳልታጠብ እተኛለሁ። ሲጠይቀኝ መልሴ አጭር ናት፦ ላሽ በል አባዬ።

ሐምሌ 14

አልጠየቀኝም።

ሐምሌ 17

ደግሞ ፎልደር። ALECHIGN፣ EHITE፣ NA። ሁሉም ባዶ።

አለችኝ፣ እህቴ፣ ና። ገልብጬ ገልብጬ አነበብኩት። እህት አለችኝ፣ ና። ኪሮስ እህት አለችው፤ ዳናይት። ስለ ዳናይት ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ግን ስሟ ሲነሳ ቀልድ አቆማለሁ፣ ኪሮስም ሞኝ አይደለም፣ አይቶኛል። ስለዚህ መጥራቱ ነው። አራዳ ልጅ በቀጥታ አይናገርም።

እየሳቅሁ ሰረዝኳቸው። ሸሚዜን አጠብኩ። በዚህ ዝናብ ካልደረቀ ለብሼው አደርቀዋለሁ።

ሐምሌ 18

መጻፍ አልፈልግም ነበር።

አምስት ኪሎ ሄድኩ። በሩን የከፈተው ኪሮስ ነው፣ ዳናይት ከኋላው ቆማ ጸጉሯን በፎጣ ታደርቃለች።

«መልእክትህ ደረሰኝ፣ መጣሁ» አልኩት።

«የምን መልእክት?»

«እህት አለችኝ ና ያልከው።»

ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። እየቀለደ መስሎኝ ጨመርኩበት፤ «እንግዲህ ጥሎሽ በስልክ ከቨር ትቀበላላችሁ?» አልኩ።

«አንተ ልጅ፣» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ቤቴ ድረስ መጥተህ በእህቴ ሙድ ትይዛለህ?»

«ወንድሜ፣ አንተ ራስህ ላፕቶፔ ላይ ጽፈህ…»

«ላፕቶፕህን ከነካሁ ስንት ጊዜዬ ነው? ይሄን ጨዋታህን እዛው።»

ዳናይት ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ «ማንም አልጠራህም፣ ምኞት» አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

በእግሬ ተመለስኩ። ሸሚዙ እንደገና ረጠበ። ውሸቴን ሁሉ የሚያምኑኝ ሰዎች እውነቱን ስነግራቸው ምን እንደሚነካቸው አላውቅም።

ሐምሌ 23

ኪሮስ ስልክ አያነሳም። በሌላ ሰው ስልክ ደውዬ ድምፄን ቀይሬ «ከባንክ ነው» አልኩት። ዘጋው።

ማታ ሁለት ፎልደር፦ FITIH፣ TEFAGN። ፊትህ ተፋኝ። በጠብ ቀን እንኳ እንዲህ ያለ ስድብ ሰምቼ አላውቅም። ፊት ሰውን ሲተፋ። ተደብቆ ገብቶ ነው እንግዲህ፣ ወይ በኢንተርኔት ይሆናል የሚልከው። «ያንተም» ብዬ ጽፌ ላክሁለት። አልመለሰም።

ሰረዝኩ። ከዚህ በኋላ ሳላነብ ነው የምሰርዘው።

ሐምሌ 28

ላፕቶፑ ስነካው ሞቅ ይላል፣ ሳልከፍተው። አጠገቡ የአባዬ ሌንስ ተቀምጧል፤ ያቺ ሰዓት ሲሠራ ዓይኑ ላይ የሚሰካት ጥቁር ቆብ። «አባዬ፣ ላፕቶፑን ልትፈታታው ነው እንዴ? ባትሪው የሰዓት አይደለም» አልኩት። ሌንሱን ከእጄ ሲቀበል ጣቴን ይዞ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ሌንሱን አገኘው።

ሳላነብ እየሰረዝኩ ነው። ሦስት ቀን ሆነ አራት። ጥርስ እንደ መፋቅ ሆኗል።

ነሐሴ 3

ዛሬ ሳላስበው አነበብኩ።

LIHID። LIKIR። WEYS።

ልሂድ። ልቅር። ወይስ።

ኪሮስ እንዲህ ብሎ አይጽፍም። ማን እንደሚጽፍ አላውቅም። ቫይረስ ነው። ባዶ ፎልደር የሚሠራ ቫይረስ እንዳለ ሥራ ቦታ ሰምቻለሁ።

ሰረዝኩ። አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ነበር፣ እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ።

«አየኸው?» አለኝ።

«ምኑን? ፊልሙን? ዋናው ሰውዬ ሞተ።»

«እሺ» አለ።

ብርድ ልብሱን ሳበ። እኔ ፊልም አልከፈትኩም ነበር።

ነሐሴ 4

ቫይረስ ነው።

ነሐሴ 14

ከቡሄ ማግስት። ዘንድሮ ሆያ ሆዬ የሚል ልጅ ግቢያችንን አልረገጠም፣ ማን ሙልሙል ሊሰጠው። ትናንት ማታ ራሴ በር ላይ ቆሜ ጨፈርኩ። አባዬ ከፍቶ አምስት ብር ሰጠኝ። በድምፄ እንዳላወቀኝ ነው ወይስ እንዳወቀኝ፣ ፊቱ አይናገርም።

ዛሬ ጠዋት ከቤት ሳልወጣ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ስድስት ናቸው። ALK፣ ANEBEBIK፣ EHEDALEHU፣ EHUD፣ GEBAGN፣ ZIM። ሌላውን ተዉት፤ «እሄዳለሁ» እና «እሁድ» ጎን ለጎን ቆመዋል። ያን ማንም ያነበዋል። አልሰረዝኩም። ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልዬ ተስፋልደት ጋ ሮጥኩ፤ ጊዮርጊስ ቁልቁል ደረጃው ስር ኮምፒውተር የሚጠግነው። መንገዱን ሁሉ ጌታዬ ቫይረስ አድርገው፣ ቫይረስ አድርገው እያልኩ ነው የሄድኩት።

«ደግሞ ምን ይዘህ መጣህ?» አለኝ ቀና ሳይል። ባለፈው ካልኩሌተር በላፕቶፕ ቦርሳ አድርጌ «አልነሳ አለኝ» ብዬው ነበር።

«ቫይረስ ነው። ባዶ ፎልደር ይፈለፍላል።»

አየው። «ቫይረስ አማርኛ አይጽፍም፣ ወደይ» አለኝ፣ ልጄ ማለቱ ነው።

«አዲስ ዓይነት ይሆናል።»

«ይሄን ሰው ነው የጻፈው። ብቻ ኮምፒውተር በስም ነው የሚደረድር፣ በኤ ቢ ሲ። ሰው ደግሞ በኤ ቢ ሲ አያወራም።» አንድ ነገር ነካ። «በተሠሩበት ሰዓት ልደርድርልህ።» ፎልደሮቹ ቦታ ተቀያየሩ፣ እሱም ጮክ ብሎ አነበበ፦ «አነበብክ። ዝም አልክ። ገባኝ። እሁድ እሄዳለሁ።»

ከዚያ ጮክ ማለቱን ተወ።

«የሰረዝካቸው አሉ?»

«ብዙ።»

የቆሻሻ መጣያውን ከፈተ። አጽድቼው ስለማላውቅ ሁሉም እዚያ ነበሩ። እነሱንም በሰዓት ደረደራቸውና ወንበሩን ለቆልኝ ሻይ ሊያዝ ወጣ። ሻይ እንደማይጠጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

የኔ ዓይን ደከመ።
እህቴ ና አለችኝ።
ፊትህ ጠፋኝ።

ተፋኝ አይደለም። ጠፋኝ። በፈረንጅ ፊደል ተ እና ጠ አንድ ናቸው። «አለችኝ»ም እህት አለችኝ ማለቱ አልነበረም፤ ና አለችኝ፣ ነገረችኝ ማለቱ ነው። ሳላነብ የሰረዝኳቸውም ነበሩ።

ሐኪሙ አይመለስም አለ።
ሰዓት መሥራት ቀረ።
ሸክም እንዳልሆንብህ።
ልሂድ ወይስ ልቅር።

እሱ ቀን ጻፈ፣ እኔ ማታ ሰረዝኩ። ጠዋት ሲያያቸው የሉም። አንብቤ የማነሳቸው መስሎታል እንግዲህ። መልስ ሲጠብቅ ነው የከረመው፣ እኔ ደግሞ እስኪጠይቀኝ ስጠብቅ።

ነሐሴ 15

ሞከርኩ። እራት ላይ «አባዬ» አልኩት።

«አቤት።»

አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር፣ እግዚአብሔርን። የወጣው ግን ሌላ ነው። «ደብረ ብርሃን ጥሩ ብርድ ልብስ ይሠራሉ አሉ። አንድ ላክልኝ።»

«እልክልሃለሁ» አለ። የምሩን ነው። የቱን ቀለም እንደምፈልግ ጠየቀኝ።

ነሐሴ 17

አባዬ ሻንጣውን እያሰረ ነው። ዕቃ እያሸተተ ይለያል፤ የኔን ሹራብ አሽትቶ መልሶ አልጋዬ ላይ አስቀመጠው። የመስኮቱ አልጋ አሁኑኑ ሰፍቶ ታየኝ፤ አልወደድኩትም።

በአፍ እንደማይሆንልኝ አየሁ። በእሱ መንገድ ልጻፍለት። ተስፋልደት በሰዓት እንዴት እንደሚደረደር አሳይቶኝ ነበር፤ እኔ ስነካው ግን የመጨረሻውን ቃል መጀመሪያ ያመጣዋል። ስለዚህ ቃሎቹ ራሳቸው በኤ ቢ ሲ ተሰልፈው የሚቆሙ መሆን አለባቸው። አስቸጋሪ ነገር ነው። «አባዬ ይቅርታ እኔ አልገባኝም ነበር» ብዬ ጻፍኩ፤ «አባዬ አልገባኝም እኔ ነበር ይቅርታ» ሆነ። ይቅርታ በዋይ ስለሚጀምር የትም ብታስገባው መጨረሻ ነው የሚመጣው። «ጥለኸኝ» በቲ ነው፣ እሱም ወደ ኋላ ይሸሻል። ትምህርት ቤት እንዲህ ተጨንቄ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሐኪም ነበርኩ፣ የዓይን።

በመጨረሻ አምስት ቃል ተገኘ። ABAYE። ATHID። ENE። GAR። KIR። ራሳቸው ተሰለፉ። ጽሑፉን ማሳደግ እስከሚቻለው አሳደግሁት፤ ስክሪኑ ሞላ።

ነሐሴ 18፣ እሁድ

ጠዋት ኮቱን ለብሶ ሻንጣው ላይ ተቀምጧል። መኪናው ከላምበረት መናኸሪያ ነው የሚነሳው።

«አባዬ፣ ላፕቶፑን ሳታይ ትሄዳለህ?»

«ምን ይሠራልኛል?»

«የተጻፈልህ ነገር አለ።»

ወደ እኔ ዞረ። ፊቴ ባለበት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን። «ቀልድህን ነው?»

«አይደለም።»

ክርኑን ይዤ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። ሌንሱን ዓይኑ ላይ ሰካ፣ አፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሰዓት ሲሠራ እንደሚያደርገው ትንፋሹን ይዞ ፊደል በፊደል ሄደ።

«አ… ባ… ዬ። አባዬ።» ቀጠለ። «አት… ሂድ።»

እዚህ ላይ ሌንሱን አውልቆ በኮቱ ጫፍ ጠረገው። ንጹሕ ነበር። መልሶ ሰካው።

«እኔ። ጋር።» አምስተኛው ላይ ቆመ። «ኪር። ምንድን ነው ኪር?»

«ኬዋን እንደ ቀ አንብባት።»

«ቅር።» ቀና አለ። «ቅር ብሎህ ነው? ወይስ ቅር ነው የምትለኝ?»

ሁለት ቀልድ ተዘጋጅቶ አፌ ላይ መጥቷል። አንዱ በጣም ጥሩ ነበር።

«ሁለቱንም» አልኩት።

እጁን ዘርግቶ አየሩን ዳበሰ፣ ጭንቅላቴን አገኘ፣ እዚያው ተወው።

«በአፍ ስነግርህ ትስቃለህ ብዬ ነው» አለ። «አንድ ቀን ስትሠራ አየሁህ። ቢጫ ፖስታ አወጣህ፣ ላዩ ላይ ጻፍክ። እኔም ፖስታ አወጣሁ። ትልቋን ቁልፍ ስጫን አንድ ቃል ይዞ ይዘጋብኛል፣ ለሚቀጥለው ቃል ሌላ ፖስታ አወጣለሁ። ምን ዓይነት ብክነት ነው እያልኩ።»

«ውስጡ ባዶ ነበር፣ አባዬ። ሁልጊዜ ውስጡን ነበር የምከፍተው።»

«ላዩ ላይ እኮ ነው የጻፍኩት» አለ፣ ግራ ገብቶት።

ኮቱን ሳያወልቅ ስልኩን ሰጠኝ። «ለአይናዲስ አንተ ደውልላት። እኔን ታለቅስብኛለች።»

ደወልኩ። «አክስቴ፣ አባዬ አይመጣም።»

«አንተ ውሸታም፣ እዚህ ሰው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀው ነው። አባትህን አገናኘኝ።»

አባዬ ተቀበለኝ። ድምጿ ግቢውን ሞላው። «እምሩ፣ ይሄ ልጅ ደግሞ ምን እያለ ነው? ይሄን ዓይንህን ይዘህ ማን ጋ ልትሆን ነው? እዚያ ቀልደኛ ጋ?»

«እሱ ጋ» አላት።